ኤምባሲው የሚፈራው ሌላ፣ እኛ የምንፈራው ሌላ

“ምን ይላል ወረቀቱ?” አለችኝ አክስቴ።

“ያው ኢንሹራንስ ነው። ገብተሻል ማለት ነው” አልኳት።

ይህን መልስ የሰጠኋት አምና በጥር ወር ነው። ወረቀቱ 9 ገጽ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ። እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ስሟ በትክክል መጻፉን፣ የፓስፖርት ቁጥሯ መግባቱን አረጋገጥኩና አጥፌ ሰጠኋት። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ሳይነበቡ ስለቀሩት 8 ገጾች ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ “ሰነድ እስከ መጨረሻው መስመር ይነበባል” የሚለውን ትምህርት በደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ለገዛ አክስቴ ግን አላነበብኩላትም። ስለዚህ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ብጀምር ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው

አክስቴ ቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ጀርመን አገር የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ “እማዬ፣ መጥተሽ አርሺኝ” ብላ ለመነቻት። ለአንዲት ሐበሻ እናት ከዚህ የሚበልጥ ጥሪ የት ይገኛል? አክስቴ ዕቁብ ገባች። ለቪዛው ጉዳይ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ኤምባሲው ከሚጠይቃቸው ወረቀቶች አንዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ስለሆነ እሱንም ገዛች። ቪዛው በመጋቢት ተመታላት፤ በዚያው ሳምንት ትኬቷን ቆረጠች። ከመቶ ሺህ ብር በላይ! የመረጠችው ርካሹን ነው፤ ርካሹ ደግሞ “ገንዘቡ አይመለስም” የሚል ነው። እኛም “ምን ችግር አለው፣ ኢንሹራንስ አለሽ” አልናት።

አያቴ የምትኖረው ጭሮ፣ አጎቴ ዘንድ ነው። (አያቴን “እሳቸው” አለማለቴን ከሌላ አገር የመጣችሁ ተማሪዎች እንደ ብልግና አትቁጠሩብኝ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፤ ሙቀቱ አያስለብስም።) ስኳር ካለባት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ለካ በየካቲት ወር እግሯ ቆስሎ እዚያው ጭሮ ሦስት ቀን ተኝታ ኖሯል። አክስቴ ግን አልሰማችም። አጎቴ “መንገደኛ አይረበሽም” ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ነበር። አያቴ ራሷ “ልጄ የልጅ ልጄን ትታቀፍ፤ እኔ ምን እሆናለሁ” ብላ አስምላቸዋለች አሉ።

በረራው አራት ቀን ሲቀረው አጎቴ ደወለ። “እማማን ትንሽ አሟታል፣ ድሬ እያመጣናት ነው” አለ። መቼም እኛ ቤት ስልክ ላይ “ትንሽ አሟት ነው” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማታ ላይ ሐኪሙ እግሯ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት፣ ካልሆነ መርዙ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገረን።

“እናቴን በመጋዝ አስይዤ አውሮፕላን ልሳፈር?” አለች አክስቴ። ማንም አልመለሰላትም። መልስ የሚያሻው ጥያቄም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ኢንሹራንሱ ወደተገዛበት ቢሮ አብረን ደወልን። የመለሰልን ሰው ትሑት ነበር፤ አልዋሸም፣ አልተሳደበም። “እናት፣ የገዙት የሕክምና ሽፋን ነው። እዚያ ሄደው እርስዎ ቢታመሙ ነው የሚከፍለው” አላት። “እኔማ ደህና ነኝ፤ የታመመችው እናቴ ናት” አለችው። “እሱን አይሸፍንም” አላት። አለቀ። ከትኬቱም ቢሆን የተመለሰላት ገና ያልተሠራበት የኤርፖርት ግብር ብቻ ነው። ወረቀቱን ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰውየው ልክ ነበር። ገጽ 6 ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ለማን የተገዛ ወረቀት ነው?

ድሬዳዋ የባጃጅ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ነገሩን በባጃጅ ላስረዳ። ማንኛውም ባለ ባጃጅ በየዓመቱ “ሦስተኛ ወገን” የሚባለውን ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። ይህ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ባጃጁ ለገጨው ሰው ወይም ንብረት ነው። ባጃጁ ራሱ ዴቻቱ ውስጥ ቢገለበጥ አንድ ሳንቲም አይሰጥም። የባጃጁን ጉዳት የሚሸፍነው ሌላ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ውል ነው። ይህን ልዩነት ከለገሃር እስከ ሳቢያን የማያውቅ ሾፌር የለም። “ኢንሹራንስ አለኝ” ብሎ ባጃጁን የሚገለብጥ ሞኝም የለም።

የአክስቴ ወረቀት እንግዲህ የአውሮፕላን “ሦስተኛ ወገን” ነው። ወደ ሸንገን አገሮች የሚሄድ ሰው ኢንሹራንስ እንዲይዝ የሚያስገድደው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ ሲሆን የወጣውም በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ደንቡ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ይጠይቃል። ሽፋኑ ለምንድነው? ተጓዡ እዚያ ሳለ ድንገት ቢታመም ለሕክምናው፣ ሆስፒታል ቢተኛ ለአልጋው፣ በሕክምና ምክንያት መመለስ ካለበት ለመመለሻው፣ ቢሞት ደግሞ ለአስከሬኑ። በሌላ አነጋገር ደንቡ የሚፈራው “ይህች ሴትዮ እዚህ ታማ ዕዳዋ በእኛ ሆስፒታል ላይ ቢወድቅስ?” የሚለውን ነው። ስጋቱ ሕጋዊ ነው፤ አልቃወመውም። ግን የእሱ ስጋት ነው እንጂ የአክስቴ አይደለም። አክስቴ የፈራችው ፍራንክፈርት ላይ መታመምን ሳይሆን ጭሮ ላይ እናቷ እንዳትታመም ነው።

ይኸውላችሁ የነገሩ ቋጠሮ። ከእኛ አገር ተጓዥ አብዛኛው ኢንሹራንስ የሚገዛው ለራሱ ሳይሆን ለቪዛ ማመልከቻው ማሟያ ነው። እንደ ጉርድ ፎቶግራፍ ይቆጥረዋል፤ አራት በአራት ተነስቶ መስጠት ነው። ሻጩም እንዲሁ ይቆጥረዋል። “ቪዛ ያስመታል?” እንጂ “ምን ይሸፍናል?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአማርኛ ኢንሹራንስን “መድን” እንለዋለን፤ ቃሉ መዳንን ያስታውሳል። እኛ የገዛነው ግን እኛን የሚያድነውን ሳይሆን ከእኛ የሚያድነውን ነው።

በዚህ ላይ ከመክፈል እስከ መብረር ያለው ጊዜ ረዝሟል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 2016፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ስለሆነ የመንገደኛው ኪሳራም አብሮ አደገ። ወረቀት የሚጠበቅበት ወቅት ሲረዝም በመካከል ሊመጣ የሚችለው ነገር ይበዛል። የሚጠፋው ብርም እንደዚሁ።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?

“ታዲያ የእናትን ሕመም የሚሸፍን ኢንሹራንስ አለ እንዴ?” ትሉ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሕክምናው ሽፋን ጎን “የጉዞ ስረዛ” የሚባል ሌላ ክፍል ይሸጣል። ተጓዡ ራሱ ወይም በውሉ ላይ የተዘረዘረ የቅርብ ቤተሰቡ ከመነሻው ቀን በፊት በጠና ቢታመም፣ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ያልተመለሰለትን የትኬትና የሆቴል ገንዘብ ይከፍላል።

ነገር ግን ቶሎ አንደሰት፤ ይህም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ከሁሉም ትልቁ “ቀድሞ የነበረ ሕመም” የሚለው ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ውሉ ከተገዛበት ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 180 ቀን። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታማሚው አዲስ ምልክት ካሳየ፣ ከታከመ ወይም መድኃኒቱ ከተቀየረ በዚያ ሕመም ምክንያት ለሚመጣ ስረዛ አይከፍሉም። አያቴ በየካቲት ሦስት ቀን ተኝታ ነበር፤ ትኬቱ የተቆረጠው በመጋቢት ነው። አክስቴ በዚያን ሳምንት የስረዛ ሽፋን ገዝታ ቢሆን እንኳ በዚህ አንቀጽ ትወድቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ግፍ ነው? መጀመሪያ ላይ ግፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ምክንያቱ ይገባል። ባጃጁ ከተገለበጠ በኋላ ሄዶ ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት አይቻልም። እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ሁሉ በዚያው ቀን ውል መግዛት ከቻለ የሚገዛው እሱ ብቻ ይሆናል፤ ኩባንያውም በዓመቱ ይዘጋል። ኢንሹራንስ የሚሸጠው ላልታወቀ ነገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ብሎ ሲሰይም በብዙ አገር ያሉ ኩባንያዎች “ከዚህ ቀን በኋላ ለተገዛ ውል ኮሮና የታወቀ ነገር ነው፤ አንከፍልም” ያሉት በዚሁ መርህ ነው።

ቢሆንም እዚያ በሩ ጥርቅም ብሎ አልተዘጋም። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የጉዞ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ ባሉት 14 ወይም 21 ቀናት ውስጥ ውሉን ለገዛ ሰው “ቀድሞ የነበረ ሕመም” የሚለውን ክልከላ የሚያነሱ ኩባንያዎች አሉ። ታማሚው በተገዛበት ዕለት ለጉዞ የሚያበቃ ሁኔታ ላይ ይሁን የሚሉም አሉባቸው። “በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ” የሚባልም አለ። ዋጋው ይከብዳል፣ የሚመልሰውም ብዙውን ጊዜ ከወጪው 50 እስከ 75 በመቶውን ነው፤ ግን “እናትሽ ምን ሆነች? መቼ ታመመች?” ብሎ አይመረምርም። መንገዱ አለ ለማለት ነው። ስኳር ያለበት ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጥ አልተባለም።

እናት ማን ናት?

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ። የሕግ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገልጦ ቁጥር 1792 እና 1793ን አሳየኝ። ሰው በውሉ የገባውን ግዴታ እንዳይፈጽም የሚያግደው “ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል” ምን እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። በምሳሌነት ከሚዘረዝሯቸው ውስጥ ጦርነት አለ፣ የተፈጥሮ መቅሰፍት አለ፣ የባለዕዳው የራሱ ሞት፣ ከባድ አደጋ ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም አለ። አንቀጹ ለትኬት ተመላሽ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ አውቃለሁ። እኔን ያስቆመኝ ግን “የባለዕዳው የራሱ” የሚለው ነው። እናቱ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

አሁን ደግሞ የሰፈራችንን ዕድር ደንብ እንመልከት። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ… ለእያንዳንዱ ስንት ብር እንደሚከፈል ተጽፏል። እህት ወንድም ለብቻው፣ አማትና ምራት ለብቻው። የመጋላ ጓደኞቼ ያላቸው አፎሻም የሚኖረው በዚሁ መንፈስ ነው። ማንም ኢኮኖሚስት ሳያማክሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን አንድ ነገር ጠንቅቀው አውቀዋል፤ የኛ ሰው ጉዳት በገዛ አካሉ ላይ ብቻ አይደርስም። የእናት ጉዳት የልጅ ጉዳት ነው ብለው በዋጋ ተምነውታል። ጉድለቱ ዕድር በዋናነት የሚደርሰው ሰው ሲሞት መሆኑ ነው። በሕይወት ላለች፣ እግሯ ሊቆረጥ ላለ እናት ብሎ ሥራውንና መንገዱን ለተወ ሰው ድንኳን አይተከልም።

ዘመናዊው ኢንሹራንስ ደግሞ እናትን ቢያውቃት እንኳ ማስረጃ ይላል። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የውጭ ኩባንያ የቤተሰብ ስም አንድ መሆኑን ለምዷል። እኛ ግን የምንጠራው በአባታችን ስም ስለሆነ የእናት ስም ከልጇ ጋር በጭራሽ አይገጥምም። የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ቢባል የአክስቴ ዕድሜ ሰው ከየት ያመጣል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ቀኑም ሌላ ፈተና ነው። ሐኪሙ በእኛ አቆጣጠር “ሚያዝያ 2017” ብሎ ከጻፈ ፈረንጁ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት አድርጎ ያነበዋል። ቀልድ ይመስላል፤ ገንዘብ የሚያስቀር ግን እንዲህ ያለው ነው።

“መንገደኛ አይረበሽም”

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። አጎቴን አልወቅሰውም፤ በፍቅር ነው ያደረገው። እኛ ሕመም የምንደብቅ ሕዝብ ነን። ውጭ ላለ ልጅ የአባቱን ሞት ለወራት እንደብቃለን። ለፈተና ለተቀመጠ ተማሪ የእህቱን መታመም አንነግርም። እዚህ ዶርም ውስጥ ስንቶቻችን ነን “ሁሉም ሰላም ነው” የሚል ስልክ አናግረን ኋላ ላይ ነገሩ ሌላ ሆኖ ያገኘነው? ደግነት ነው። ግን ይህ ደግነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ደግ የተዋለለት ሰው ነው።

እስቲ አስቡት። አጎቴ በየካቲት “እማማ እግሯ ቆስሏል፣ ተኝታለች” ቢል ኖሮ አክስቴ ምን ታደርግ ነበር? ምናልባት ትኬቱን በመጋቢት አትቆርጥም። ምናልባት ዋጋው ትንሽ ከፍ ያለውን፣ ቀኑን መለወጥ የሚፈቅደውን ትመርጣለች። ምናልባትም አያቴን ያኔውኑ ድሬ አምጥታ ቁስሉን ታሳክምና እግሩ ራሱ ይተርፍ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብሎ የሚናገር ቤታችን ውስጥ የለም። እኔም ስጽፈው እጄ ከብዶኛል።

የኢንሹራንስ ሕግ ደግሞ በእኛም አገር በሌላውም ዓለም የተሠራው በተቃራኒው ልማድ ላይ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ውል የሚገባ ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ ለመድን ሰጪው እንዲገልጽ ያስገድዳል። የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ኢንሹራንስ “ንገረኝ” ይላል፤ እኛ “አትንገራት” እንላለን። ሁለቱ እስኪታረቁ ድረስ ምንም ያህል ጥሩ ውል ቢሸጥልን እንጎዳለን።

“ሟርት ነው” ለሚሉ

ይህን ጽሑፍ ረቂቅ ሳለ ለክፍል ጓደኞቼ አንብቤላቸው ነበር። አንዷ “አቦ! እናቴ ትታመማለች ብዬ ብር ልከፍል? ሟርት አይሆንም?” አለች። ስሜቷ ይገባኛል። ግን ዕድር የሚከፍል ሁሉ በእናቱ ላይ ሲያሟርት ነው የኖረው? አንዱ ደግሞ “ወላሂ፣ ኢንሹራንስ ሃይማኖቴ አይፈቅድም” አለኝ። ለእሱ መልስ አለ፤ በሸሪዓ መርህ የሚሠራው ተካፉል በቅርብ ዓመታት በአገራችንም መሰጠት ጀምሯል። ሦስተኛው “ለድሃ አገር ይህ ቅንጦት ነው፤ ስንቱ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው?” ሲል ሞገተኝ። የእሱ ጠንካራ ነው። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ። ባለጸጋ ትኬት ቢቃጠልበት ሌላ ይቆርጣል። አንድ ጊዜ በዕድሜዋ፣ በዕቁብ ገንዘብ የምትሄድ ቅመም ሻጭ ግን ሁለተኛ ዕድል የላትም። ይህ ሽፋን ቅንጦት የሚሆነው ለባለጸጋው ነው። መንገዱም የአውሮፓ ብቻ አይደለም። ከዚች ከተማ ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ ለሐጅ የሚነሳ አለ፣ ለሕክምና ውጭ የሚሄድ አለ፣ ልጁን ሊድር የሚሄድ አለ። ሁሉም ኋላው ላይ የታመመ ሰው ትቶ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችንን እጠይቃለሁ። በ1967 ዓ.ም. 13ቱ የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 በአንድ የመንግሥት ድርጅት ተጠቃለሉ፤ በ1986 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 86 የግሎቹ እንደገና ተፈቀዱ። ይህን ያህል ዘመን ሠርታችኋል፤ ተሽከርካሪ መድን ማድረግን ተክናችሁበታል። አሁን መንገደኛውንም እወቁት። ከውሉ ጋር አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አያይዙ፤ የሚሸፍነውን ሳይሆን የማይሸፍነውን የሚናገር። ቀጥሎም የቤተሰብ ሕመም ስረዛን እንደ ተጨማሪ ሽፋን በዋጋው ሽጡ። ማን ቤተሰብ እንደሆነ ለመወሰን ካስቸገራችሁ የዕድር ደንብ ተመልከቱ፤ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለዝምድና ማስረጃም የልደት ወረቀት ለሌለው የቀበሌ ደብዳቤ ይብቃ።

ሁለተኛ፣ ለትኬት ቆራጮች። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጨምሩ። “ቤት የምትተዪው የታመመ ሰው አለ?” በሉ። አለ ካለች ርካሹን ትኬት አትስጧት፤ ቀን መለወጥ የሚፈቅደውን አሳዩዋትና ልዩነቱን ራሷ ትወስን።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለቤተሰቦች። ቪዛ ሳይመታ ትኬት አይቆረጥ፤ ማመልከቻው ላይ ብዙውን ጊዜ ቦታ የተያዘበት ወረቀት ይበቃል። መሄድ ካልተቻለ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ይሰረዝ፤ ዝም ብሎ የቀረ ሰው ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል። የማይመለስ ትኬትም ቢሆን የግብሩ ገንዘብ ይጠየቅ፤ ካልጠየቁት የሚያስታውስ የለም። የሐኪም ወረቀት ሲጻፍ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይግባበት፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ለመንገደኛ እውነቱ ይነገረው። መሄድ አለመሄዱን እሱ ይወስን።

አራተኛውና የመጨረሻው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ስለ ፖለቲካ ለመጻፍ እንቸኩላለን፤ ጥፋት የለውም። ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሳይነበብ የተቀመጠ ስንት ውል አለ? የባንክ፣ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ቅጥር፣ የኢንሹራንስ። ያንን አንብቦ በሰው ቋንቋ መንገርም ጋዜጠኝነት ነው። ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ በመጪው መንፈቀ ዓመት ለዜና አጻጻፍ ክፍል አንድ የቤት ሥራ ይሰጠን። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ውል እናምጣና የማይሸፍነውን በአንድ ገጽ አማርኛ እንጻፍ። የመጀመሪያውን እኔ አመጣለሁ፤ ገጽ 6 ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።

አያቴ ድናለች። ክራንች ለምዳ አሁን ድሬ አክስቴ ቤት ናት፤ ከሙቀቱ ጋር ግን አልታረቀችም። ጀርመን የተወለደውን ልጅ በስልክ አይታዋለች፤ “ወላጆቹን አይመስልም” ብላለች። አክስቴ ልጇን ሳታርስ ወራቱ አለፈ። ግን ዕቁብ ገብታለች፣ ሦስተኛዋ ባለ ዕጣ ናት። ባለፈው ሳምንት ቀፊራ ስሄድ በርበሬ እየመዘነች ቀና ሳትል “አንቺ፣ አሁን ስንገዛ ወረቀቱን ታነቢልኛለሽ አይደል?” አለችኝ።

“እስከ መጨረሻው ገጽ” አልኳት።

ቸር ወሬ ያሰማን!